ላም ከወለደች በኋላ ማህፀኗን መከታተል፦ ከወሊድ ዝግጅት እስከ መጀመሪያው ማዳቀል

በቢሾፍቱ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በሆለታ አካባቢ የፍሪዥያን ድቅል ላሞችን የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ችግር አለ፤ ላሟ ወልዳለች፣ ወተቷ አይከፋም፣ ኮርማም ትፈልጋለች፣ ሆኖም አዳቃዩ ሦስት አራት ጊዜ ቢመላለስም አትይዝም። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጣለው በአባለዘሩ ጥራት ወይም በአዳቃዩ እጅ ላይ ነው። የወሊዱን ሰሞን ሁኔታ በጥንቃቄ ለጠየቀ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል፤ እንግዴ ልጁ ዘግይቶ በእጅ ተጎትቶ ነበር፣ ላሟ ለጥቂት ቀናት መኖ አንሷት ነበር፣ ከኋላዋም ነጭ ፈሳሽ ይታይ ነበር፤ የወለደችበትን ቀን ግን የጻፈው ሰው የለም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እነዚያን ሳምንታት በቅደም ተከተል ለመያዝ ነው።

ከደረጃዎቹ በፊት፦ የምንከላከለው ምንድን ነው?

ላም ስትወልድ የማህፀኗ በር ይከፈታል፤ ከእበት፣ ከጉዝጓዝ፣ ከራሷ ቆዳና ከሚረዳት ሰው እጅ የሚመጣ ባክቴሪያም ወደ ውስጥ ይገባል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከ10 ላሞች ከ8 እስከ 10 በሚሆኑት ማህፀን ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ጤናማ ላም ማህፀኗን እያኮማተረች፣ ፈሳሹን እያስወጣችና በነጭ የደም ሴሎቿ እየተከላከለች አብዛኛውን ባክቴሪያ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ታስወግዳለች፤ ማህፀኑም በ40 ቀን ገደማ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል።

በሽታ የሚሆነው ይህ ጽዳት ሲሰናከል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎልቶ የሚገኘው ኢ. ኮላይ ሲሆን፣ መርዙ ማህፀኑን ከማስቆጣት አልፎ የእንቁላል እጢዎችን ሥራ ስለሚያውክ ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ይዘገያል። ቀጥለው ትሩፔሬላ ፓዮጂንስና ኦክስጅን በሌለበት የሚራቡት እነ ፉዞባክቴሪየም ኔክሮፎረም ይመጣሉ፤ በተለይ ትሩፔሬላ የሚያመነጨው መርዝ የማህፀኑን የውስጥ ግድግዳ ሴሎች እየበሳ ስለሚገድል፣ ለሳምንታት የሚቆየው መግል በአብዛኛው ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለዚህ የአርቢው ሥራ ማህፀኑን ፍጹም ከባክቴሪያ ነጻ ማድረግ አይደለም፤ እንዲያ ማድረግም አይቻልም። ሥራው ሁለት ነው፤ ላሟ ራሷ የምታካሂደውን ጽዳት አለማደናቀፍ፣ ጽዳቱ የከሸፈባትን ላም ደግሞ በቀኑ መለየት። ከዚህ በታች የሚነበቡት ብዙዎቹ «አያድርጉ» የሚሉ ትእዛዛት የመጡትም ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ከወሊድ በፊት ያሉት 60 ቀናት

1. የመውለጃዋን ቀን ያስሉ። በተዳቀለችበት ቀን ላይ 9 ወርና 10 ቀን ይጨምሩ፤ በመካከሉ ጳጉሜ ካለች አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን ይቀንሱ። ይህቺ ስሌት ብዙ ጊዜ ስለምትዘነጋ ላሟ ከተጠበቀው ቀን ቀድማ ያልተዘጋጀ በረት ውስጥ ትወልዳለች።

2. ከዚያ ቀን 60 ቀን ቀድመው ያንጥፏት። እስከ መጨረሻው ሳምንት የምትታለብ ላም ለወሊዱ የሚሆን ጉልበት አታከማችም።

3. አቋሟን ይመልከቱ። ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው የሰውነት አቋም መለኪያ በወሊድ ጊዜ ከ3 እስከ 3.5 መሆኗ ተገቢ ነው። በጣም የከሳች ላም ኢንፌክሽንን የምትቋቋምበት አቅም ያንሳታል፤ በጣም የወፈረችው ደግሞ ከወለደች በኋላ መኖ ስለምትቀንስ ስቧ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፣ በዚህም ነጭ የደም ሴሎቿ ይዳከማሉ። «ለወሊድ ትጠንክር» ተብሎ ፉሩሽካና ፋጉሎ ያለ ልክ የሚጫንባት ላም ከሁለተኛው ወገን ትመደባለች።

4. በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት የተመጣጠነ መኖን ቀስ በቀስ ያስጀምሩ፤ በአንድ ቀን አይለውጡ። በዚህ ጊዜ አልፋልፋ አያብዙ፤ በካልሲየምና በፖታሲየም የበለጸገ በመሆኑ በወሊድ ዕለት ሰውነቷ ካልሲየምን ከአጥንት የመሳብ ችሎታውን ያዘገየዋል። ካልሲየም ያነሰው ማህፀን በደንብ አይኮማተርም።

5. የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ ይስጡ። አሞሌ ጨው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሴሌኒየምንና ቫይታሚን ኢን አይተካም፣ የእነዚህ እጥረት ደግሞ እንግዴ ልጅ እንዳይላቀቅ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። በጋውን በጭድ ብቻ የከረመችና አረንጓዴ መኖ ያላየች ላም በዚህ ረገድ የበለጠ ተጋላጭ ናት። ሴሌኒየም ከልክ ሲያልፍ ይመርዛልና መርፌውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ዕቃውን ያዘጋጁ

የመውለጃው ቦታ ከሌሎቹ ላሞች የተለየ፣ ደረቅና የማያንሸራትት ይሁን። አሮጌውን ጉዝጓዝ ጠርገው ካወጡ በኋላ ወለሉን አጥበው ያድርቁ፤ ከዚያ ንጹሕ ጭድ በወፍራሙ ይጎዝጉዙ። በእርጥብ ወለል ላይ የተነጠፈ አዲስ ጭድ በማግስቱ ከአሮጌው አይሻልም። የታመመች ላም የምትለይበትን ቦታ ለመውለጃነት አይጠቀሙ፤ በጠባብ ግቢ ይህን ማሟላት ከባድ መሆኑ ቢታወቅም ቢያንስ በሁለቱ አጠቃቀም መካከል አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል።

የሚከተሉትን በአንድ ባልዲ ውስጥ አድርገው ከወሊዱ ሁለት ሳምንት ቀድመው ያስቀምጡ፦

• እስከ ትከሻ የሚደርስ ረጅም ጓንትና ተራ የእጅ ጓንት
• ቴርሞሜትር
• ሳሙናና ፖቪዶን አዮዲን
• የማለስለሻ ጄል ወይም ንጹሕ ፓራፊን ዘይት (የልብስ ሳሙና ዱቄት በፍጹም አይተካውም፤ የብልቱን የውስጥ ቆዳ ያቃጥላል)
• የታጠቡና የተቀቀሉ ሁለት የጥጃ መሳቢያ ገመዶች
• ደብተርና እስክሪብቶ፣ በሽፋኑ ላይም የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ ቁጥር

ደረጃ 3፦ በምጥ ጊዜ

በዚህ ደረጃ ከሁሉ የሚከብደው መታገሥ ነው። የውኃ ከረጢቱ ከታየ ወይም ከፈነዳ በኋላ ሥራው በግልጽ እየተራመደ ከሆነ አይንኳት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምንም ለውጥ ካልታየ ግን የሚከተለውን ያድርጉ።

1. ጅራቷን ወደ ጎን አስረው ብልቷንና አካባቢውን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይጠቡ፤ እጅዎን እስከ ክንድዎ ታጥበው ረጅሙን ጓንት ያጥልቁ፣ ጄሉንም በብዛት ይቀቡ።

2. አቀማመጡን ይዳስሱ። ትክክለኛው ሁለት የፊት እግሮች ቀድመው፣ ኮቴያቸው ወደ ታች ዞሮ፣ አፍንጫው በላያቸው ሲመጣ ነው። ከዚህ የተለየ ነገር ከዳሰሱ፣ ለምሳሌ አንድ እግር ብቻ፣ ጭራ ወይም ወደ ኋላ የዞረ ጭንቅላት፣ እጅዎን ያውጡና ሐኪም ይጥሩ።

3. አቀማመጡ ትክክል ከሆነ ስታምጥ ብቻ ይሳቡ፤ ስታርፍ ያርፉ። ከሁለት ሰው ጉልበት በላይ አይጠቀሙ። ገመዱን በበሬ ወይም በመኪና ማሳብ የማህፀኑን በር ይቀድዳል፤ የተቀደደ ማህፀን ደግሞ ከዚህ መመሪያ አቅም ውጭ ነው።

ማህፀኑ ተገልብጦ ከወጣ ጊዜ አይፍጁ፤ በንጹሕ እርጥብ አንሶላ ጠቅልለው ከመሬት ከፍ አድርገው ይያዙትና በአስቸኳይ ሐኪም ያስጠሩ።

ጥጃው እንደወጣ እናቱ ትላሰው፤ መላሱና መጥባቱ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን በተፈጥሮው እንዲመነጭ ያደርጋል። እንገሩ በቶሎ ይታለብ ወይም ይጠባ። ላሟ ከ20 እስከ 40 ሊትር ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ትጠጣ። ከዚያም የወለደችበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ የሚቆጠረው ከዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ እንግዴ ልጁ፣ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

አብዛኞቹ ላሞች እንግዴ ልጁን በ12 ሰዓት ውስጥ ይጥላሉ። ሲወድቅ በጓንት አንስተው ይዘርጉት፤ የተቀደደና የጎደለ ክፍል መኖሩን ይመልከቱ። ላሟ እንድትበላው አይተዉ፤ ለውሻም አይጣሉት፣ በጥልቀት ይቅበሩት። ብሩሴሎሲስ (ላሞችን የሚያስወርድ የባክቴሪያ በሽታ) የያዛት ላም ከሁሉ የከፋውን የባክቴሪያ ጭነት የምታወጣው በእንግዴ ልጁና በወሊድ ፈሳሹ ነው፤ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ አትሥራ።

እስከ 24 ሰዓት ካልወጣ

እንግዲህ «እንግዴ ልጅ የቀረባት» ላም ሆናለች ማለት ነው። ምክንያቱ መንታ መውለድ፣ ከባድ ምጥ፣ ማስወረድ፣ የካልሲየም ወይም የሴሌኒየም እጥረት ሊሆን ይችላል። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በመዘግየቱ ሳይሆን ከዚህ በኋላ ሰው በሚያደርገው ነገር ነው።

በእጅ አይጎትቱ፤ ሌላ ሰውም እንዲጎትት አይፍቀዱ። እንግዴ ልጁ ከማህፀኑ ጋር የተያያዘው ከ75 እስከ 120 በሚደርሱ አዝራር መሰል ቦታዎች ነው። በጉልበት ሲላቀቅ እያንዳንዱ ቦታ ይቆስላል፤ ቁስሉ ለባክቴሪያው በር ይከፍታል፣ ቀሪ ቁርጥራጮችም ውስጥ ይበሰብሳሉ። ሥራውን በገንዘብ የሚሠሩ ሰዎች «ሙሉ በሙሉ አወጣሁት» ቢሉም ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ከውጭ ሆኖ ማረጋገጥ አይቻልም።

ድንጋይ፣ አሮጌ ጫማ ወይም ሌላ ክብደት አያስሩበት። ሊበጥሰው ይችላል፤ ከከፋም ማህፀኑን አብሮ ይገለብጣል።

ማህፀኑን በውኃ፣ በጨው ውኃ ወይም በአዮዲን አያጥቡ። ገና ያልተሰበሰበው ማህፀን የገባበትን ፈሳሽ መልሶ የሚያስወጣበት ኃይል የለውም፤ የሚቀረው ፈሳሽ ለባክቴሪያው መራቢያ ይሆናል።

ትኩሳት ሳይኖር አንቲባዮቲክ በማህፀን ውስጥ አያስገቡ። እንግዴ ልጁ የሚላቀቀው ማያያዣው በተፈጥሮ መንገድ ሲበሰብስ በመሆኑ መድኃኒቱ ይህንኑ ሊያዘገይ ይችላል።

ማድረግ ያለብዎ ይህ ነው፦

1. የተንጠለጠለው መሬት የሚነካ ከሆነ በንጹሕ መቀስ ከቋንጃዋ ከፍታ ላይ ይቁረጡት። ከዚያ በላይ አያሳጥሩት፤ ቀሪው ወደ ውስጥ ይመለሳል።

2. ጅራቷንና የኋላ እግሮቿን በየቀኑ በሳሙና አጥበው ያድርቁ።

3. ሙቀቷን በቀን ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ መብላቷንም ይከታተሉ።

4. ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ በራሱ ይወድቃል። እስከዚያ የሚበሰብስ ሥጋ ሽታ መኖሩ አይቀርም፤ ሽታው ብቻውን ለመርፌ ምክንያት አይሆንም። ትኩሳት፣ የመኖ መቀነስ ወይም መደንዘዝ ከታከለበት ግን ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

ስለ ኦክሲቶሲን ብዙ ይጠየቃል። ከወሊድ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን ካለፈ ማህፀኑ ለዚህ መድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ እጅግ ስለሚቀንስ፣ በአራተኛው ቀን የሚሰጥ መርፌ ገንዘብ ማባከን ነው። በጊዜው ቢሰጥም የተጣበቀውን አያላቅቅም፤ የተላቀቀውን ለማስወጣት ብቻ ይረዳል።

ደረጃ 5፦ ከ1ኛው እስከ 10ኛው ቀን ሙቀትና ፈሳሽ

በሁሉም የወለዱ ላሞች ላይ ይህን ያድርጉ፤ በታመሙት ላይ ብቻ አይደለም። በየቀኑ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

አለካክ

1. በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት በተለይ በቆላማ አካባቢ ያለ በሽታም ከፍ ሊል ይችላል።

2. የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ከሆነ አራግፈው ያውርዱት፤ ጫፉን በጄል ያለስልሱ።

3. በፊንጢጣዋ በኩል ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ያስገቡና ከግድግዳው ጋር ያስነኩት። እበት ውስጥ የተሰካ ቴርሞሜትር የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል።

4. ሜርኩሪውን ሦስት ደቂቃ፣ ዲጂታሉን እስኪጮህ ይጠብቁ። ውጤቱን ይጻፉ፤ መሣሪያውን ይጠቡ።

አነባበብ

ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጤናማ ነው። ከ39.5 በላይ ትኩሳት ነው፤ ሆኖም ወደ ማህፀን ከመሄድዎ በፊት ግቷን ይዳስሱ፣ ከአራቱም ጡቶች ጥቂት አልበው ወተቱን ይመልከቱ፣ አተነፋፈሷንም ያዳምጡ። በወሊድ ሰሞን የግት በሽታም እኩል የተለመደ ነው። ከ38 በታች ሆኖ ጆሮዋ ከቀዘቀዘና መቆም ካቃታት የካልሲየም እጥረት ስለሚጠረጠር ሐኪም ወዲያውኑ ይጠራ። ልብ ይበሉ፤ በማህፀን ኢንፌክሽን በጣም የታመመች ላም ሙቀቷ ከፍ ላይል ይችላል። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ላሟ ካልበላችና ዓይኗ ከጎደጎደ ላሟን ይመኑ፣ ቴርሞሜትሩን አይደለም።

ፈሳሹን መለየት

ጥሩው ጊዜ ተኝታ ስትነሣ ወለሉንና ጅራቷን ማየት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀይ ወይም ቡናማ፣ ወፈር ያለና የማይከረፋ ፈሳሽ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ከደም፣ ከማህፀኑ ከሚላቀቀው ሽፋንና ከቀሪ ፈሳሽ የተሠራ ነው። እየቀነሰ፣ እየነጣና እየጠራ ሄዶ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። የሚያሳስበው እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ቀይ ቡናማና ከርቀት የሚከረፋ ሲሆን ነው። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ነጭ ወፍራም ነገር ሲያይ ይደነግጣል፣ ቀጭኑንና የሚገማውን ግን «እየጸዳች ነው» ብሎ ያልፈዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አደገኛው ቀጭኑ ነው።

ደረጃ 6፦ ትኩሳትና የሚከረፋ ፈሳሽ ሲገናኙ

ከወለደች 21 ቀን ሳይሞላት፣ ከ39.5 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያላት፣ የሚከረፋ ቀጭን ፈሳሽ የሚወጣትና ወተቷ ወይም መብላቷ የቀነሰ ላም አጣዳፊ የማህፀን ኢንፌክሽን ይዟታል፤ ሕመሙ ወደ ደም ሊሰራጭና ሊገድላት ይችላል። ይህን ለአዳቃይ ሳይሆን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

1. ለሐኪሙ አራት ነገር ይንገሩት፤ የወለደችበትን ቀን፣ የሦስት ቀን የሙቀት ንባብ፣ እንግዴ ልጁ የወጣበትን ጊዜ፣ እስካሁን የተሰጣትን መድኃኒት ሁሉ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይደብቃል፤ መደበቁ ሐኪሙን ወዳልሠራው መድኃኒት ይመልሰዋል።

2. ሕክምናው በመርፌ የሚሰጥ፣ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ አንቲባዮቲክ ነው፤ እንደ ሁኔታው የሕመምና የትኩሳት ማስታገሻ፣ ፈሳሽና ካልሲየም ይጨመራል። በማህፀን ውስጥ የሚገባ ክኒን ብቻውን ወደ ደም የተሻገረን ኢንፌክሽን አያክምም።

3. መጠኑ በክብደቷ ይሰላ። በዓይን መገመት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ካለ ይለኩ።

4. በሁለተኛው ቀን መብላት ብትጀምርም መርፌውን አያቋርጡ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን ሁሉ ይጨርሱ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ካልወረደ ደውለው ይንገሩት፤ መድኃኒቱን በራስዎ አይቀይሩ።

5. ወተቷን ለይተው ያስወግዱ። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የወተት መታገሻ ቀን (ወተቱ ለሰው የማይሰጥበት ጊዜ) ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ከመጀመሪያው አይደለም። ማፍላት አንቲባዮቲኩን አያስወግደውም። ከሌላው ወተት ጋር የቀላቀሉት እንደሆነ የሰው ጤና ከመጉዳቱም በላይ እርጎው ላይረጋ ይችላል፤ ወተት ተረካቢው ችግሩን የሚያውቀውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ትኩሳት የሌላት፣ የምትበላና የምትታለብ፣ ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ነጭ መግል የሚታይባት ላም ከዚህ ትለያለች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በራሳቸው ይድናሉ። በደብተርዎ ላይ ምልክት ያድርጉባትና የሚቀጥለውን ደረጃ ይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ከ21ኛው እስከ 28ኛው ቀን የሚደረግ ምርመራ

ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው፤ ላሟ ደህና ትመስላለችና። ሆኖም በዚህ ጊዜ የሚገኝ መግል ትኩሳት አያመጣም፣ መኖ አያስተውም፤ የሚያደርገው መጸነስን መከልከል ብቻ ነው። ለምሳሌ ጥቅምት 3 ቀን የወለደች ላም 21ኛ ቀኗ ጥቅምት 24፣ 45ኛ ቀኗ ኅዳር 18፣ 60ኛ ቀኗ ታኅሣሥ 3 ይሆናል፤ ሦስቱንም ቀኖች በወለደች ዕለት ይጻፉ።

1. ላሟን በማሰሪያ ቦታ ያቁሙ፤ ብልቷን አጥበው በንጹሕ ወረቀት ያድርቁ። ሳይደርቅ የገባ እጅ ቆሻሻውን ይዞ ይገባል።

2. አዲስ ረጅም ጓንት አጥልቀው ጄል ይቀቡ። ለሁለት ላሞች አንድ ጓንት አይጠቀሙ።

3. እጅዎን ቀስ ብለው ወደ ብልቷ ያስገቡና ከማህፀኑ በር ፊት ለፊት ከታች የተጠራቀመውን ዝልግልግ ፈሳሽ በመዳፍዎ ይዘው ያውጡ። የማህፀኑን በር አልፈው አይግቡ። በንጽሕና ከተሠራ ይህ ምርመራ ማህፀኑን አይጎዳም።

4. በብርሃን ይመልከቱ፤ ያሽትቱም። እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ከሆነ ጤናማ ነው። ጥቂት ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ከሳምንት በኋላ ይድገሙ። ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ መግል ከሆነ፣ ወይም ከ26ኛው ቀን በኋላ መግልና ዝልግልግ ፈሳሽ ተቀላቅሎ ከተገኘ፣ የማህፀን የውስጥ ግድግዳ ኢንፌክሽን አለባት።

ይህን ራስዎ ለመሥራት ካልደፈሩ ሐኪሙ ወደ አካባቢው በመጣ ቀን የዚህ ዕድሜ ላሞችዎን በአንድነት ያሳዩ። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉ አርቢዎች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ በአቅራቢያቸው መኖሩ ይጠቅማቸዋል።

ደረጃ 8፦ መግል ከተገኘ

ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ወይም በአልትራሳውንድ የእንቁላል እጢዎቿን ይመርምር፤ ሕክምናው የሚወሰነው እዚያ በሚገኘው ነው። ቢጫ አካል (እንቁላል ከወጣ በኋላ በእጢው ላይ የሚፈጠር እብጠት) ያላት ላም ፕሮስታግላንዲን በሚባለው መርፌ ትረዳለች፤ መርፌው ቢጫውን አካል ሲያጠፋው ላሟ ኮርማ ትፈልጋለች፣ የማህፀኑ በር ይከፈታል፣ መግሉም ይወጣል። ቢጫ አካል የሌላት ላም ላይ ይህ መርፌ የረባ ውጤት የለውም፤ ለእርሷ በማህፀን ውስጥ የሚገባ፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ አንቲባዮቲክ ይመረጣል። ለመርፌ የተሠራን ማንኛውንም አንቲባዮቲክ በውኃ በጥብጦ በማዳቀያ ቱቦ ማስገባት ግን የማህፀኑን ግድግዳ ሊያቃጥልና ሊያጠብበው ይችላል፤ ወተቱም መድኃኒት ይኖረዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕሮስታግላንዲን በቆዳ ዘልቆ ይገባል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና የአስም ሕመምተኞች ብልቃጡን አይንኩ። እርጉዝ ላም ላይ ከተወጋ ያስወርዳል፤ ስለዚህ ላሟ በስህተት በኮርማ አለመጠቃቷን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምርመራውን ይድገሙ። ፈሳሹ ካልጠራ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ይደግመዋል። የማህፀኑ በር ተዘግቶ መግሉ ውስጥ የሞላባት ላም ኮርማ ሳትፈልግ ወራት ትቆያለች፣ ከውጭም ምንም ላይታይባት ይችላል፤ «አርግዛለች» ተብላ የምትጠበቅ ላም አንዳንዴ ይህች ናት። በእርግዝና ምርመራ ካላረጋገጡ አይጠብቁ።

ደረጃ 9፦ ወደ ማዳቀል

1. ጤናማ የነበረችውን ከ45 እስከ 60 ባለው ቀን ውስጥ ማዳቀል ይጀምሩ፤ ታማ የነበረችውን ከ60ኛው ቀን በፊት አያስነኩ።

2. ኮርማ ስትፈልግ የሚወርደውን ዝልግልግ ፈሳሽ ይመልከቱ። ጥርት ያለ ከሆነ አዳቃዩን ይጥሩ። ነጭ ክር ወይም መግል ከታየበት በዚያ ዙር አያዳቅሏት፤ ኮርማ የፈለገችበት ዙር ራሱ ማህፀኑን ያጸዳል፣ የሚቀጥለውም ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ይመጣል። ለአዳቃዩ የተከፈለ ጉዞ ቢባክንም ካልጸዳ ማህፀን ውስጥ የገባ አባለዘር የባሰ ብክነት ነው።

3. አዳቃዩ ብልቷን አጥቦ እንዲያደርቅ፣ ለእያንዳንዷ ላም አዲስ የቱቦ ሽፋን እንዲጠቀም ይጠይቁ። ውኃና ወረቀት አዘጋጅተው ከጠበቁት አብዛኛው ባለሙያ ያደርገዋል።

4. ሳትይዝ ስትቀር የጎረቤት ኮርማ አያምጡ። ኮርማ ከላም ወደ ላም የሚያዛምታቸው የማህፀን በሽታዎች አሉ፤ አንዷን ለማስያዝ ሲሉ መንጋውን ሊያስይዙ ይችላሉ።

5. ከሦስት ጊዜ በላይ ተዳቅላ ያልያዘች፣ ፈሳሿ የጠራ ላም ከውጭ የማይታይ የማህፀን ብግነት ሊኖርባት ይችላል። የዚህ ማረጋገጫ ከማህፀኑ በብሩሽ የሚወሰድ ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ሐኪሙ የሚልክበትን ላቦራቶሪ ይጠይቁት።

ብዙ ላሞች በአንድ ወቅት ሲታመሙ

በዓመት ውስጥ ከጥቂት ወሊዶች አንዱ ቢታወክ የዚያች ላም ጉዳይ ነው። በተከታታይ የወለዱት እንግዴ ልጅ ከቀረባቸው ደግሞ በየላሟ መርፌ መደርደር ትርጉም የለውም፤ ወደ ደረጃ 1ና 2 ተመልሰው የነጠፉት ላሞች የሚበሉትን መኖ፣ የማዕድን አቅርቦቱንና የመውለጃውን ቦታ ይመርምሩ። ከመካከላቸው በእርግዝናዋ ሁለተኛ አጋማሽ ያስወረደች ካለች መንጋው በሙሉ የብሩሴሎሲስ የደም ምርመራ ይደረግለት። ውጤቱ እስኪታወቅ ወተቱን ሳያፈሉ አይጠጡ፤ ያስወረደችውን ይለዩ፣ አዲስ ላም አያስገቡ፣ ከመንጋውም ለሌላ አርቢ አይሽጡ። በወሊድ የረዳ ማንኛውም ሰው የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ከተሰማው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ከብት እንዳዋለደ ለሐኪሙ ይንገር።